ሳጥኑን ከመስቀላችሁ በፊት፦ የማኅበረሰብ አስተያየት አሰባሰብና ክትትል

ሥራዬ ሰዎች ስለ እርዳታ ድርጅታችን የሚሉትን መስማት ነው። ስልክ አነሳለሁ፣ ስብሰባ እቀመጣለሁ፣ የሰማሁትን እጽፋለሁ። ከዚያ መልስ እስካገኝ ድረስ የባልደረቦቼን ቢሮ እያንኳኳሁ እነዘንዛለሁ። በእኛ ሙያ ነዝናዛ መሆን ጉድለት አይደለም። እንዲያውም የቅጥር መስፈርት ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር።

አዲስ ፕሮጀክት የጀመሩ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «የአስተያየት ሳጥን እናሠራ ወይስ ስልክ እናስገባ? የትኛው አፕ ይሻላል?» እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ አንዲት እናት ነገ መጥታ «የምታከፋፍሉበት ሰዓት ለእኔ አይሆንም» ብትል፣ ሰዓቱን መቀየር የሚችለው ማነው? ስሙን ንገሩኝ። እዚህ ላይ ሰዉ እርስ በርስ ይተያያል።

ስለዚህ እኔ ሥራውን የምጀምረው ከመጨረሻው ነው። መልስ የሚሰጠው ሰው ሳይታወቅ አስተያየት መሰብሰብ የሰው ጊዜ መብላት ነው።

መጀመሪያ መልስ ሰጪውን ፈልጉ

አንድ ወረቀት ውሰዱና ሦስት ቦታ ክፈሉት። በመጀመሪያው ላይ ማንንም ሳታስፈቅዱ ራሳችሁ ልትቀይሩት የምትችሉትን ጻፉ፦ የማከፋፈያ ሰዓት፣ የወረፋ አያያዝ፣ ጥላና መቀመጫ፣ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ቦታና ቋንቋ፣ የሠራተኛ ጠባይ። በሁለተኛው ላይ የለጋሽ ወይም የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቀው ይግባ፦ የእርዳታው ዓይነትና መጠን፣ የተጠቃሚዎች መምረጫ መስፈርት፣ ፕሮጀክቱ የሚሠራበት አካባቢ። ሦስተኛው ጭራሽ ከሥራችሁ ውጪ የሆነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውስጥ ካለው ከእያንዳንዱ ጎን የሚወስነውን ሰው ስምና በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ አስፍሩ።

ይህች ወረቀት ስለ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁም ትነግራችኋለች። በሦስተኛው ክፍል ያለውን አትጠይቁ። የውሃ ፕሮጀክት ይዛችሁ ሄዳችሁ «ሌላስ ምን ያስፈልጋችኋል?» ትላላችሁ። ሰዉ «መንገድ» ይላል። እናንተ ትጽፋላችሁ። ለእናንተ ማስታወሻ ነው፤ ለሰዉ ግን ቃል ተገብቶለታል። በሚቀጥለው ዓመት ስትሄዱ «የታለ መንገዱ?» ቢባል አትገረሙ። ሰዉ ራሱ ካነሳው ደግሞ እዚያው፣ በዚያው ስብሰባ ላይ፣ የእኛ ሥራ እንዳልሆነና ማን ጋ መሄድ እንደሚቻል ንገሩት።

ገንዘቡንም ገና የፕሮጀክት ሐሳብ ስትጽፉ አስቡበት። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የስልክ ሂሳብ፣ ኅትመት፣ ትርጉም ሁሉም ያስታውሰዋል። የሚረሳው መልስ ይዞ ለመመለስ የሚያስፈልገው መኪናና ነዳጅ ነው። ለመሰብሰብ የተያዘ በጀት አይቼ ለመመለስ የተያዘ ካጣሁ፣ ያ ድርጅት ሪፖርት ሊጽፍ እንጂ ሊሰማ እንዳልመጣ እገምታለሁ።

በየት በኩል ይናገሩ?

ይህን ቢሮ ተቀምጦ መወሰን አይቻልም። ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ትልቅ ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ለማን ትናገራላችሁ? ቤት ውስጥ ስልኩን የሚይዘው ማነው? ስለ እኛ ክፉ ነገር ብትናገሩ ምን ይደርስብናል ብላችሁ ትፈራላችሁ?

ለመጨረሻው ጥያቄ ደጋግሜ የምሰማው መልስ «ከዝርዝሩ እንሰረዛለን» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ካልተነሳ አሥር መስመር ብትከፍቱ የምትሰሙት ምስጋና ብቻ ነው። እርዳታው በነፃ እንደሚሰጥ፣ ቅሬታ ማቅረብም ማንንም ከዝርዝር እንደማያስወጣ በስብሰባ ተናገሩ፣ ለጥፉ፣ በሬዲዮ አስነግሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ማከፋፈያ ቀን።

ስለ ሳጥን አስተያየቴን ልደብቅ አልችልም። ሳጥን ለጎብኚ ፎቶ ይመቻል። መጻፍ የማይችል ሰው ግን አይጠቀምበትም። በር ላይ ከተሰቀለ ዘበኛው ማን ምን እንዳስገባ ያያል። ቁልፉ በአስተባባሪው ኪስ ካለ ደግሞ ስለ አስተባባሪው ማን ይጽፋል? የግድ ሳጥን ካስፈለገ ከቢሮ ራቅ ይበል፤ ሰው ለሌላ ጉዳይም የሚያልፍበት ቦታ ይሁን። ሁለት ሰዎች አብረው ይክፈቱት፣ አንዱ ከፕሮጀክቱ ውጪ የሆነ። የሚከፈትበት ቀን በላዩ ላይ ይጻፍ። በተከፈተ ቁጥር የወጣው ወረቀት ብዛት ይመዝገብ፣ ዜሮም ቢሆን። ለወራት ዜሮ ካለ ሰዉ ሳጥኑን አላመነውም ማለት ነው።

እኔ ባየሁት ብዙው አስተያየት የሚመጣው በአፍ ነው፤ ያውም ማንም «አስተያየት ስጡ» ሳይል። ሰዉ ለክትባት ሠራተኛዋ፣ ለሹፌሩ፣ ለመጋዘን ጠባቂው ይናገራል። እነዚህ ሰዎች የሰሙት ነገር ግን የትም ሳይጻፍ ይጠፋል። ስለዚህ ለመስክ ሥራ ለሚወጣ ሰው ሁሉ የኪስ ደብተር ስጡት፤ ማታ ላይ የሰማውን ለአንድ ሰው እንዲያስተላልፍ አድርጉ። መጥፎ ዜና ይዞ የመጣ ሠራተኛ ግን እንዳይገሰጽ። አንዴ ከተገሰጸ ደብተሩ ባዶ ይሆናል።

ስልክ ካስገባችሁ ለደዋዩ ነፃ ይሁን። ካልተቻለም ሚስኮል ሲደረግ መልሳችሁ ደውሉ። የሥራ ሰዓቱን አሳውቁ፤ ወንድም ሴትም የሚያነሳበት ይሁን። የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ ወሬ ለማዳረስ ጥሩ ነው፤ ለቅሬታ ግን አይሆንም፣ ሁሉም ያያላ! ያለ ስም ለሚናገርም በር ይከፈት፤ ለእሱ በግል መልስ መስጠት እንደማይቻል ግን ቀድሞ ይነገረው።

የቡድን ውይይት ከ6 እስከ 10 ሰው ሲሆን ጥሩ ይሄዳል። ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ አነጋግሩ። የአካባቢው ሹም በተቀመጠበት ውይይት የሹሙን ሐሳብ ብቻ ታገኛላችሁ። መምጣት የማይችሉም አሉ፦ አካል ጉዳተኞች፣ አረጋውያን፣ ታማሚ የሚያስታምሙ። እነሱ ጋ ቤታቸው ሂዱ።

ከቡድን ውይይት ከፍ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ የሚባለውን ሞክሩ። ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ማላዊ ውስጥ ለጤና አገልግሎት የጀመረው ዘዴ ነው። ተገልጋዮች ተሰብስበው መለኪያዎቹን ራሳቸው ያወጣሉ፣ ነጥብም ይሰጣሉ። የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ለብቻቸው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነጥባቸውን ያስተያያሉ፤ ማን ምን መቼ እንደሚያስተካክልም ይስማማሉ። ጊዜ ይፈጃል። ግን መልስ ሰጪው እዚያው ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ ለእኔ ከሳጥን መቶ እጅ ይሻላል።

አጠያየቅ

«በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልን» ነው። ሰው እንግዳን ማስቀየም አይወድም፣ በተለይ ነገም እርዳታ ይዞ የሚመጣ እንግዳን። ስለዚህ ጥያቄው ለቅሬታ ቦታ የሚሰጥ ይሁን። «ባለፈው ጊዜ ለመቀበል ስትመጡ ከሁሉ ያስቸገራችሁ ምን ነበር?» «አንድ ነገር ብቻ መቀየር ብትችሉ ምን ትቀይሩ ነበር?» «ጎረቤቶቻችሁ ስለ እኛ ምን ሲሉ ትሰማላችሁ?» የመጨረሻዋን በጣም እወዳታለሁ። ሰው በራሱ አፍ የማይለውን በጎረቤቱ ስም ይለዋል።

ጠያቂው ከአከፋፋዩ የተለየ ሰው ይሁን። ጥያቄዎቹ ጥቂት ይሁኑ፤ አራት ወይም አምስት በቂ ናቸው። አርባ ጥያቄ ያለው ቅጽ ይዞ የሚመጣ ሰው ከአሥረኛው በኋላ የሚያገኘው ሰውየውን ቶሎ የሚያሰናብተውን መልስ ነው። ሌላ ድርጅት በቅርቡ ያንኑ ሰፈር ጠይቆ ከሆነም ሄዳችሁ ያገኘውን ለምኑት። ሰዉ መጠየቅ ሰልችቶታል።

ያንኑ ጥያቄ በየጊዜው መድገም ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር ከተማ ፐብሊክ አፌርስ ሴንተር የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት ሰዎች ነዋሪዎችን ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1994 እንደ ተማሪ ሪፖርት ካርድ ለሕዝብ ይፋ አደረጉት። የመጀመሪያው ውጤት የሚያሳፍር ነበር። በ1999 እና በ2003 ደገሙት፤ በ2003 ላይ መሻሻሉ በግልጽ ታየ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው ቢተዉት ኖሮ ለውጥ መኖሩን በምን ያውቁ ነበር?

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ስልክ ደውሎ ወይም ቢሮ መጥቶ የሚናገር ሰው ችግር መኖሩን ይነግራችኋል። የችግሩን ስፋት ግን አይነግራችሁም። ስፋቱን ለማወቅ ከዝርዝሩ በዕጣ የወጡ ቤተሰቦችን በአጭር መጠይቅ ጠይቁ።

አመዘጋገብ

ሰውየው ያለውን በራሱ አባባል ጻፉ። «ስለ ወረፋ ቅሬታ አቅርበዋል» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም። «ነፍሰ ጡር ሆኜ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አቆሙኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ለአስተባባሪው የሚሠራው ነገር ሰጥቶታል። በሌላ ቋንቋ ከተነገረም መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ ይቀመጥ፤ ትርጉሙ ከጎኑ ይግባ።

መዝገቡ ኤክሴል ቢሆን ይበቃል፤ ደብተርም ያገለግላል። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ ጾታና የዕድሜ ክልል፣ የተናገረው ቃል በቃል፣ ዓይነቱ፣ ኃላፊው ሰው፣ የመልስ ቀነ ገደብ፣ የተደረገው ነገር፣ መልሱ ለሰውየው የተነገረበት ቀን። ይህ የመጨረሻው ዓምድ የሌለበት መዝገብ ብዙ አይቻለሁ። «ተፈትቷል» ተብሎ ተዘግቷል፤ ሰውየው ግን መፈታቱን አልሰማም።

ስምና ስልክ ቁጥር በሌላ ፋይል ይቀመጥ፣ በመለያ ቁጥሩ ብቻ ይያያዝ። የማያስፈልግ መረጃ አትሰብስቡ። ስልክና ኮምፒውተሩ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ኔትዎርክ በሌለበት አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ ኮቦ ቱልቦክስ ወይም ኦዲኬ የተባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ አፖች ይረዳሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ይመዘግቡና መስመር ሲገኝ ይልካሉ። አፑን ግን መጨረሻ ላይ አስቡት።

ዓይነቶቹን ስትከፍሉ አታብዙ። ጥያቄ፣ የእርዳታ ልመና፣ ሐሳብ፣ ቅሬታ፣ ምስጋና፣ የሚናፈስ ወሬ፣ ጥብቅ ጉዳይ (ለብቻው ስለሚሄድ ከታች እመለስበታለሁ)። ንዑስ ዓይነቶቹን ግን ቀድማችሁ አትፍጠሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደርዘን አስተያየቶች አንብቡና ከዚያ ውስጥ ይውጡ።

«የሚናፈስ ወሬ» ለምን ገባ የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 በምሥራቅ ኮንጎ ኢቦላ በነበረበት ጊዜ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ሰዉ የሚለውን ሁሉ፣ ወሬውንም ጭምር፣ እየጻፉ ይሰበስቡ ነበር። ከሚሰሙት አንዱ ሟቾች ስለሚቀበሩበት ከረጢት ነበር። ቤተሰብ ውስጡን ስለማያይ የዘመዳችን አስከሬን እውነት እዚህ ውስጥ አለ ወይ ብሎ ይጠራጠራል። ይህን «የተሳሳተ ወሬ» ብሎ በፖስተር ማስተባበል ይቻል ነበር። እነሱ ግን የሟቹ ፊት የሚታይበት ብርሃን አሳላፊ ከረጢት አመጡ። ከወሬው ጀርባ ትክክለኛ ጥያቄ ነበረ፤ መልስ አገኘ።

ለብቻው የሚሄደው ቅሬታ

ወሲባዊ ብዝበዛ፣ ጥቃት፣ ጉቦ፣ ስርቆት፣ በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጉዳት፦ ጥብቅ ጉዳይ ያልኳቸው እነዚህ ናቸው፤ ከሌላው ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ አይገቡም። ይህ መንገድ ሳይዘጋጅ ምንም መስመር አትክፈቱ፤ የመጀመሪያዋ ደዋይ ይህን ይዛ ልትመጣ ትችላለችና።

እ.ኤ.አ. በ2002 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የእርዳታ ሠራተኞች ስደተኛ ልጃገረዶችን በምግብ እየደለሉ እንደሚበዘብዙ የሚገልጽ ሪፖርት ወጣ። ያወጡት የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንና ሴቭ ዘ ችልድረን ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ መመሪያ አወጡ። እርዳታን ወይም ገንዘብን በወሲብ መለወጥ ተከለከለ። ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር ወሲብ መፈጸም፣ የአገሩ ሕግ ምንም ይበል ምን፣ ተከለከለ። ጥርጣሬ ያደረበት ሠራተኛ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ብዙ ድርጅቶችም ይህንኑ በሥነ ምግባር ደንባቸው ውስጥ አስገብተውታል።

በተግባር ምን ማድረግ አለባችሁ? አስተያየት የሚቀበለው ሰው አይመርምር። «እርግጠኛ ነሽ?» አይበል። ዝርዝር አይጎርጉር። ይስማ፣ ያመስግን፣ የሚፈልጉት እርዳታ ካለ (ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ የሕግ ምክር) የት እንደሚገኝ ይንገር። ነገሩ ማን ጋ እንደሚደርስም በግልጽ ያስረዳ። ከዚያ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ለተመደበው አንድ ሰው ብቻ ያስተላልፍ። ያ ሰው ራሱ የተከሰሰ እንደሆነ ወደ ማን እንደሚኬድም አስቀድሞ ይጻፍ። «ሚስጥር እጠብቃለሁ፣ ለማንም አልነግርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው፤ ልትሉ የምትችሉት «ማወቅ ከሚገባው ሰው ውጪ ለማንም አልነግርም» ነው።

ኮር ሂዩማኒቴሪያን ስታንዳርድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ሥራ መስፈርትም እ.ኤ.አ. በ2024 ተሻሽሎ ሲወጣ፣ ከ9 ቃል ኪዳኖቹ አምስተኛው ሰዎች ያለ ስጋት ቅሬታ ማቅረብና መልስ ማግኘት ስለመቻላቸው ነው። ለአለቃችሁ ማሳመኛ ካጣችሁ ይህን አሳዩት።

ቁጥሩን ማንበብ

በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት። ከዚህ በላይ አልጠይቅም። ግን መወሰን የሚችለው ሰው በስብሰባው ላይ ይገኝ፤ ተወካይ አይላክ። እኔ ይዤ የምገባው አንድ ገጽ ነው። ምን ያህል መጣ፣ ስንቱ በቀነ ገደቡ መልስ አገኘ፣ ከ30 ቀን በላይ የቆየው ስንት ነው፣ በማን እጅ ነው። በመጨረሻም በሰዎቹ ቃል የተጻፉ ሦስት አራት አባባሎች። ቁጥር አንብቦ የሚያዛጋ አለቃ አባባሉ ሲነበብ ቀና ይላል።

ከቁጥሩ ውስጥ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ዝም ያለውን ነው። ከየትኛው ሰፈር ምንም አልመጣም? የሴቶቹ ድርሻ ለምን አነሰ? ከአካል ጉዳተኞች አንድም የለም? እዚያ የሚሄድ ሰው በዚያው ስብሰባ ይመደባል።

አዲስ መስመር ሲከፈት ቅሬታ ይጨምራል። አትደንግጡ፤ መስመሩ ሠርቷል ማለት ነው። «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቅሬታ በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ዕቅድ ካያችሁ ግን በእርሳስ ሰርዙት። እንዲህ ያለ ግብ የተሰጠው ሠራተኛ የሚቀንሰው ችግሩን ሳይሆን ምዝገባውን ነው። ለመልስ ፍጥነት ግብ አውጡ፣ ለቅሬታ ብዛት አታውጡ። ለጋሾችም ይህን ማስረዳት ይቻላል፤ የማይገባቸው እንዳሉ ባውቅም።

መልስ ይዞ መመለስ

በግል ለቀረበ ጉዳይ መልሱ በግል ይሰጥ፣ ሰውየው በመረጠው መንገድ። ለብዙዎች የሚመለከት ከሆነ በስብሰባ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በድምፅ ማጉያ ይነገር። እኔ የምጠቀምበት አቀራረብ «እናንተ ይህን አላችሁ፤ እኛ ይህን አደረግን፤ ይህን ግን አላደረግንም፣ ምክንያቱም…» የሚል ነው። ሦስተኛዋ ክፍል አትዘለል። ሰዉ «አይሆንም» የሚለውን ከነምክንያቱ ሲሰማ ይቀየም ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ይናገራል። «እያየነው ነው» እየተባለ ለወራት የቆየ ሰው አይመለስም።

መልሱን ከሰጣችሁ በኋላ ጥቂት ሰዎችን መርጣችሁ ደውሉ። መልሱ ደረሳችሁ? ገባችሁ? ሲናገሩ የደረሰባችሁ ነገር ነበር? መልሱን ባይወዱትም አቀባበሉ ፍትሐዊ ነበር ካሉ ጥሩ ሠርታችኋል።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋስ? ይህን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። ስልኩ አንድ ቀን ዝም ብሎ «ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም» ይላል። ይልቅ ከመዘጋቱ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት ቀኑን አሳውቁ። ያልተመለሱትን ጉዳዮች አንድ በአንድ እዩ፤ የሚመለሱትን መልሱ፤ የቀሩትን በሰዎቹ ፈቃድ ሥራውን ለሚረከበው ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት አስረክቡ። የጥብቅ ጉዳዮች መስመር ግን የመጨረሻው ሠራተኛ ከወጣ በኋላም ለጥቂት ወራት ክፍት ይቆይ። አንዳንዱ ሰው የሚናገረው የሚፈራው ሠራተኛ አካባቢውን ለቅቆ ሲሄድ ነው። ስልኩን የሚያነሳውን ሰው ስምና ደመወዙ ከየት እንደሚከፈል በመዝጊያ ዕቅዱ ላይ ጻፉ፤ የስምና የስልክ ቁጥር ፋይሉ መቼ እንደሚሰረዝና ማን እንደሚሰርዘውም ከሥሩ ይግባ።